ከ200 ሕፃናት የ195ቱ ደም ውስጥ ብላስት ሲገኝ፦ ዳውን ሲንድረም ያለባቸው አራሶችና መጥቶ የሚሄደው ሉኬሚያ

ይሄ ጉዳይ የእንግሊዝ ነው። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲና የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ የደም ሐኪሞች፣ አይሪን ሮበርትስ እና ፓሬሽ ቪያስ ከመሪዎቹ መሃል ናቸው፣ ዳውን ሲንድረም ያለባቸው 200 አራስ ሕፃናት ደም አንድ በአንድ አይተው ውጤቱን በ2013 ብለድ በሚባለው የደም ሕክምና ጆርናል ላይ አወጡት (እዚ ጽሑፍ ላይ ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች ነው)። ነገሩ ከወጣ ቆይቷል፣ ግን በአማርኛ ተብራርቶ የተጻፈ ነገር ስላላጋጠመኝና እኔም ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ የምውል የላብራቶሪ ሰው ስለሆንኩ ከስላይዱ ጀምሬ እስከ ጂኑ ድረስ ልሄድበት ፈለግሁ። ረዘም ይላል፣ ቡና ያዙ።

መጀመሪያ ችግሩ ምን እንደሆነ። ዳውን ሲንድረም ማለት 21ኛው ክሮሞዞም ሁለት መሆን ሲገባው ሦስት ሆኖ መወለድ ነው፣ ይሄን ብዙ ሰው ያውቀዋል፣ የልብ ችግር አብሮ ሊመጣ እንደሚችልም ይታወቃል። ብዙም የማይወራው የደሙ ነገር ነው። ከነዚ ሕፃናት አንዳንዶቹ በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደማቸው ሲታይ ቁርጥ ሉኬሚያ ነው የሚመስለው፣ ነጭ የደም ሴል ቁጥሩ ሰማይ ይነካል፣ ብላስት ማለትም ከመቅኔ መውጣት የሌለበት ገና ያልበሰለ ሴል በደም ስር ውስጥ እንደ ልቡ ይዞራል፣ ጉበትና ጣፊያ ያብጣሉ። አዋቂ ላይ ቢሆን ይሄ ብዙ ክርክር የለውም፣ ወደ ኬሞ ነው የሚኬደው። እነዚ ልጆች ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም መድኃኒት ሳይሰጥ በሳምንታት ውስጥ፣ ቢዘገይ በሦስት ወር ገደማ ብላስቱ ከደም ይጠፋል፣ ሲቢሲው (የደም ሴሎች ቆጠራው) ይስተካከላል፣ ልጁም ጡቱን እየጠባ ያድጋል። ቲኤኤም ይሉታል ሐኪሞቹ፣ ትራንዚየንት አብኖርማል ማይሎፖየሲስ፣ መጥቶ የሚሄድ የደም አሠራር መዛባት እንደማለት ነው።

እዛ ላይ ቢያበቃ ማንም ጥናት አያጠናበትም ነበር። ግን ሁለት ክፉ ነገር አለው። አንደኛ ከታመሙት ሕፃናት የተወሰኑት ደሙ እስኪጸዳ ሳይደርሱ በዛው በመጀመሪያዎቹ ወራት ይሞታሉ፣ ሁለተኛ ደሞ ድኖ ቤቱ ከገባው ውስጥ ከአምስት አንዱ ገደማ አራት ዓመት ሳይሞላው እውነተኛውን፣ በራሱ የማይሄደውን ማይሎይድ ሉኬሚያ ይዞ ይመለሳል። ስለዚ ጥያቄው ሁሌም «ማንኛው ልጅ ነው የሚመለሰው?» የሚል ነው፣ እንግሊዞቹም ሥራ የጀመሩት ይሄን ይዘው ነው።

ከነሱ በፊት ምን ይታወቅ እንደነበር ቶሎ ልለፈው። ላንግደን ዳውን ሁኔታውን የገለጸው በ1866 ነው፣ የክሮሞዞሙ ነገር በ1959 በፓሪስ ታወቀ፣ በመሃል ደሞ በ1930 አንድ ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ ላይ ሉኬሚያ መታየቱ ተጻፈ። ትልቁ ነገር የመጣው በ2002 ነው፣ የቺካጎ ተመራማሪዎች ዳውን ሲንድረም ባለባቸው ልጆች የማይሎይድ ሉኬሚያ ሴሎች ውስጥ ጋታ 1 የሚባለው ጂን ተበላሽቶ አገኙት። ብዙም ሳይቆይ እዛው ጂን ላይ ያው ዓይነት ጉዳት አራሶቹ ላይም፣ ማለትም መጥቶ በሚሄደው በሽታ ላይም ተገኘ። ጋታ 1 ኤክስ ክሮሞዞም ላይ የተቀመጠ ጂን ነው፣ ሥራው ቀይ የደም ሴልና ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው) የሚሠሩት ሴሎች በስርዓት እንዲበስሉ ማዘዝ ነው። ሚውቴሽኑ፣ ማለትም የጂኑ ጉዳት፣ አብዛኛውን ጊዜ ጂኑ መጀመሪያ አካባቢ ስለሚያርፍ ሴሉ ሙሉውን ፕሮቲን መሥራት አቅቶት የፊት 83 አሚኖ አሲዶች የጎደሉትን አጭሩን ብቻ ይሠራል፣ አጭሩ ደሞ ሴሉ እንዲባዛ ይተወዋል እንጂ በወጉ እንዲበስል አያደርገውም።

አንድ ነገር እዚ ጋ ይያዝልኝ፣ ወላጆች በጣም ስለሚጨነቁበት። ይሄ ሚውቴሽን ከእናት ወይ ከአባት የሚወረስ አይደለም፣ ልጁ ማህፀን ውስጥ እያለ በአንድ የደም ሴል ላይ የሚፈጠር ነው፣ ሌላው የሰውነቱ ሴል ንጹህ ነው፣ ብላስቱ ሲጠፋ ሚውቴሽኑም አብሮ ከደም ይጠፋል። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ የሆነ ለየት ያለ የተበላሸ ቦታ ነው ያለው፣ ልክ ያ ቦታ ከሁለት ዓመት በኋላ በሚመጣው ሉኬሚያ ላይ ሲገኝ «ያው የድሮው ዘር ነው የተመለሰው» ማለት ይቻላል፣ ይሄም በተደጋጋሚ ታይቷል።

እንግዲህ ቁጥሩ ላይ ነበር ጭጋጉ። ዳውን ሲንድረም ይዘው ከሚወለዱት ስንቱ ነው ይሄ ነገር ያለበት? በ2007 የወጣ አንድ ጥናት ከአራሶች ተረከዝ ተወስዶ ካርድ ላይ የደረቀ ደም መርምሮ የጋታ 1 ሚውቴሽን ያገኘው 3.8 ከመቶ ላይ ብቻ ነው። ሌሎች ደሞ 10 ከመቶ ነው ይሉ ነበር፣ ከዛም በላይ የሚሉ አሉ። ችግሩ ግልጽ ነው፣ አብዛኛው ሐኪም ሲጽፍ የነበረው ስለታመመ ልጅ ነው፣ ጉበቱ ያበጠ፣ ቆዳው ቢጫ የሆነ፣ ሳንባው ውሃ የቋጠረ። ያልታመመውን ልጅ ደም ማን አይቶት? ዳውን ሲንድረም ያለበት ደህና የሚመስል አራስ ሲቢሲ ሳይሠራለት ቤቱ ይሄድ ነበር፣ ቢሠራለትም ማሽኑ ያወጣውን ወረቀት አይቶ የሚያልፈው ነው የሚበዛው።

ማሽኑን በተመለከተ ትንሽ ልቆጣ። የአራስ ደም ውስጥ ኒውክለስ ያለው ቀይ የደም ሴል ይኖራል፣ ዳውን ሲንድረም ሲሆን ደሞ ይበዛል፣ ማሽኑ ይሄን ነጭ ሴል ብሎ ሊቆጥረው ይችላል፣ ስለዚ የነጭ ሴሉ ቁጥር ሳይታረም ከተነበበ የውሸት ነው። ብላስትን ደሞ አንዳንዴ ሊምፎሳይት አንዳንዴ ሞኖሳይት ብሎ ይመድበዋል፣ ቢበዛ አንዲት ምልክት ያበራል፣ ያቺን ምልክት የሚያያት ሰው ከሌለ በቃ አለፈ። እንግሊዞቹ ያደረጉት ትልቁ ነገር፣ ለኔ ለላብራቶሪው ሰው ማለቴ ነው፣ የታመመውንም ያልታመመውንም ሳይለዩ የእያንዳንዱን ሕፃን ደም ስላይድ ላይ አሰራጭተው፣ ቀለም ቀብተው፣ በዓይናቸው ማየታቸው ነው። ጂኑ ከዛ በኋላ የመጣ ነው።

ስላይዱ ላይ ምን ይታያል ካላችሁ፣ መቶው ኦብጀክቲቭ ላይ ዘይት ጠብ አድርጋችሁ የስሚሩን (ስላይዱ ላይ የተሰራጨውን ደም) ቀጭን ጫፍ ስታዩ መጀመሪያ ዓይን የሚገባው ዝብርቅርቁ ነው። ቀዮቹ ትልልቅ ናቸው፣ መሃላቸው ኒውክለስ ያልጣሉት አሉ። ፕሌትሌቶቹ ጥቂት ናቸው ግን አንዳንዶቹ ቀይ ሴል የሚያክሉ፣ የሚጠበቀው ነጠብጣብ የሌላቸው ግራጫ ነገሮች ናቸው፣ አልፎ አልፎ የሜጋካሪዮሳይት ቁራጭ ይገኛል፣ ይሄ ሴል መቅኔ ውስጥ ተቀምጦ ፕሌትሌት የሚፈለቅቅ እንጂ ደም ስር ውስጥ የሚንሸራሸር አይደለም። ከዛ ብላስቱ አለ። ትልቅ ክብ ሴል፣ ኒውክለሱ አብዛኛውን ቦታ ይዞታል፣ ክሮማቲኑ ለስላሳ፣ ኒውክሊዮለስ ይታያል፣ ዙሪያዋ ያለችው ሳይቶፕላዝም ደሞ ደማቅ ሰማያዊ ሆና ጠርዟ ላይ ትንንሽ እብጠት፣ ፊኛ ፊኛ የሚመስል ነገር ታወጣለች። ያ ፊኛ ነው ሴሉ ወደ ፕሌትሌት መንገድ እየሄደ የቀረ መሆኑን የሚያሳብቀው። ሴል በሴል እየቆጠራችሁ ከመቶ ነጭ ሴል ስንቱ ብላስት እንደሆነ ትጽፋላችሁ። አንድ ስላይድ ችክ ተብሎ ሲታይ ጊዜ ይፈጃል፣ እነሱ 200 ሕፃን ነው ያዩት።

እና ውጤቱ፣ ከ200ው በ195ቱ ደም ውስጥ ብላስት ተገኘ። 97.5 ከመቶ ማለት ነው። ይሄን ቁጥር መጀመሪያ ሳነበው የኅትመት ስህተት ነው ብዬ ነበር የማልፈው፣ ግን አይደለም። ዳውን ሲንድረም ያለበት አራስ ላይ ጥቂት ብላስት ማየት ለሱ የተለመደ ነገር ነው ማለት ነው፣ ካንሰር ስለያዘው ሳይሆን ሦስተኛው 21ኛ ክሮሞዞም ራሱ፣ ሚውቴሽን ሳይጨመርበት፣ የደም አሠራሩን ስለሚያናጋው። ብላስት ብቻ ሳይሆን ፕሌትሌት ማነስ፣ የቀይ ሴል መብዛት፣ የነጮቹም ቅርጽ መዛባት በብዛት ተገኝቷል። ይሄ ለኛ ሥራ ምን ማለት ነው? «ብላስት ታይቷል» ብሎ ሪፖርት ላይ ጽፎ መላክ ብቻውን ምንም አይናገርም፣ እንዲያውም ቤተሰብ ያስለቅሳል። ስንት ከመቶ? ሕፃኑስ እንዴት ነው? ጉበቱ ይዳሰሳል? እነዚ አብረው ካልተነገሩ ቃሉ ብቻውን ጉዳት ነው።

ከዛ ወደ ጂኑ ሄዱ። መጀመሪያ በተለመደው የጂን ማንበቢያ ዘዴ፣ በሳንገር ሲኩዌንሲንግ፣ ሲፈትሹ ከ200ው 17ቱ ላይ ሚውቴሽኑ ተገኘ፣ 8.5 ከመቶ፣ አስራ ሰባቱም ብላስታቸው ከ10 ከመቶ በላይ ነበር። ይሄ ከድሮው ግምት ጋር ይቀራረባል፣ እዚ ላይ ቢያቆሙ ማንም አይወቅሳቸውም። ግን ሳንገር ድክመት አለው፣ የተበላሸው ጂን ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ቢያንስ ከአሥር አንድ ያህል ካልሆነ አያየውም። አንድ ቁና ነጭ ጤፍ ውስጥ እፍኝ ጥቁር ጤፍ ብትደባልቅበት ከሩቅ ቀለሙ መለወጡ ያስታውቃል፣ ሦስት አራት ፍሬ ብትጥልበት ግን ነጭ ጤፍ ነው ብለህ ትገዛለህ። ስለዚ ሳንገር ንጹህ ናቸው ካላቸው ሕፃናት የ88ቱን ናሙና ወስደው እያንዳንዷን ፍሬ የሚለቅም አዲስ ዘዴ፣ ኔክስት ጄኔሬሽን ሲኩዌንሲንግ፣ ውስጥ ከተቱት፣ ከሺህ ሦስት ያህል እንኳ ቢሆን የሚያገኝ። 18ቱ ላይ ሚውቴሽኑ ወጣ። ከ88 18፣ ማለትም 20.4 ከመቶ።

ሁለቱን አንድ ላይ ስታስቡት ዳውን ሲንድረም ይዘው ከሚወለዱ ከአራት ሕፃን ከአንድ በላይ ጋታ 1 የተበላሸበት የሴል ዘር ይዞ ነው የሚወለደው ማለት ነው። ከ3.8 ተነስተን እዚ ደረስን። የሚገርመው ደሞ እነዚ 18 ልጆች ከሌሎቹ በምንም አይለዩም፣ ሐኪም ቢያያቸው፣ ሲቢሲ ቢሠራ፣ እኔ ስላይዳቸውን ቀኑን ሙሉ ብቆጥረው ልለያቸው አልችልም። ተመራማሪዎቹ ድምፅ አልባ ቲኤኤም አሉት።

ለምን ዳውን ሲንድረም ላይ ብቻ? ይሄ ክፍል ለኔ ከሁሉም ይጣፍጣል። ሰው ማህፀን ውስጥ እያለ ደሙን በብዛት የሚሠራው ጉበቱ ነው፣ መቅኔው ሥራውን የሚረከበው ወደ መወለጃው ሲቃረብ ነው። ሦስት 21ኛ ክሮሞዞም ያለው ፅንስ ጉበት ውስጥ፣ ገና ምንም ሚውቴሽን ሳይኖር፣ ቀይ ሴልና ፕሌትሌት የሚወልዱት እናት ሴሎች ከልክ በላይ በዝተው ይገኛሉ፣ ይሄ ከፅንስ በተወሰዱ ናሙናዎች ታይቷል። በዛ ግርግር መሃል አንዱ ሴል ጋታ 1ን ያበላሻል፣ አጭሩን ፕሮቲን መሥራት ይጀምራል፣ ለመባዛት ደሞ ከጉበቱ የተሻለ ቦታ የለውም። ሕፃኑ ሲወለድ ግን የደም ፋብሪካው ጉበቱን ጥሎ መቅኔ ይገባል፣ ያ ሴል የለመደውን አካባቢ ያጣል፣ ቀስ በቀስ ይከስማል። ብዙዎቹ ተመራማሪዎች «ለምን በራሱ ይጠፋል» ለሚለው የሚሰጡት ማብራሪያ ይሄ ነው። ክሮሞዞሙ ብቻውን ሉኬሚያ አያመጣም፣ ጋታ 1 ብቻውን ዳውን ሲንድረም የሌለበት ልጅ ላይ ይሄን በሽታ አያመጣም፣ ሁለቱ ሲገናኙ ነው፣ ወደ እውነተኛው ሉኬሚያ ለመሻገር ደሞ ሦስተኛ ነገር ያስፈልጋል። ያ ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ክሮሞዞሞችን አቅፈው የሚይዙት የኮሂሲን ጂኖች ላይ ወይም ሌሎች ላይ የሚደርስ ተጨማሪ ጉዳት ነው፣ የሚመጣውም ከስሞ የቀረው ፍም ላይ፣ ማለትም ከደም ጠፋ በተባለው ግን የሆነ ቦታ ተደብቆ በቀረው ሴል ላይ ነው።

አሁን ጭቅጭቁ ላይ ደረስን። ድምፅ አልባው ከታወቀ ምን ይደረግ? ተመራማሪዎቹ ራሳቸው አደጋውን በትክክል ለማወቅ ለሁሉም ዳውን ሲንድረም ላለባቸው አራሶች ይሄ የጂን ምርመራ ያስፈልጋል ብለው ነው የደመደሙት። እኔ በሐሳቡ እስማማለሁ፣ በአፈጻጸሙ ግን ቅር ይለኛል። ምክንያቱም ደህና የሆነች አራስ ይዛ የመጣችን እናት፣ የዳውን ሲንድረሙን ወሬ ራሱ ገና ሳትውጠው፣ «ልጅሽ ደም ውስጥ ከሺህ ሦስት የሆነ የተበላሸ ሴል አለ፣ ምንም አናደርግለትም፣ ብዙ ጊዜ ይጠፋል፣ ግን ሉኬሚያ ሊመጣ ይችላል» ብሎ መላክ ቀላል ነገር አይደለም። ሉኬሚያው እንዳይመጣ የሚያደርግ መድኃኒት ቢኖር ኖሮ ሌላ ነገር ነበር።

የለም ደሞ። ይሄን በደንብ ያሳየው በ2018 የወጣው የአውሮፓ ጥናት ነው። ቲኤኤም ይዟቸው ምልክት ያሳዩትን ሕፃናት ሳይታራቢን የሚባለውን ኬሞ በትንሽ መጠን ለአንድ ሳምንት እየሰጡ ካለፉት ዓመታት ሕፃናት ጋር አነጻጸሩ። ከታመሙት መሃል በበሽታው የሚሞተው ከ33 ከመቶ ወደ 12 ወረደ፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። በኋላ የሚመጣው ሉኬሚያ ግን ከ22 ወደ 19 ከመቶ ነው የሆነው፣ ማለት እንዳለ ነው። ስለዚ ሳይታራቢን የሚሰጠው አሁን ሊሞት ያለውን ሕፃን ለማትረፍ ነው፣ የነገውን ለመከላከል አይደለም፣ ደህና ለሆነ ሕፃን «ለማንኛውም» ብሎ መስጠት ትርፉ ጉዳት ነው።

ሊሞት የሚችለው ሕፃን የትኛው ነው ለሚለው ምልክቶቹ ይታወቃሉ። ነጭ ሴሉ ከ100,000 ያለፈ፣ ያለጊዜው የተወለደ፣ ሆዱ ወይ ሳንባው ወይ የልቡ ከረጢት ውሃ የቋጠረ፣ የሚደማ፣ ከሁሉም በላይ ደሞ ጉበቱ እየከዳው ያለ። ጉበቱ ነው ብዙውን ጊዜ የሚገድለው፣ ብላስቶቹ እዛው ሰፍረው የሚለቁት ነገር ጉበቱን ወደ ጠባሳ ይቀይረዋል። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ነጭ ሴሉ ወርዶ ብላስቱ እየጠፋ እያለ ጉበቱ ሊብስ ይችላል፣ ሲቢሲ ተሻለ ብሎ መዘናጋት አያዋጣም። የአራስ ቢጫነት እንደሆነ ብዙ ሰው ፀሐይ ላይ አውጡት ብሎ ያልፈዋል፣ ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ ላይ ግን የማይለቅ ቢጫነት፣ በተለይ ሰገራው ነጣ ካለ ወይ ሽንቱ ከጠቆረ፣ የጉበት ምርመራ ይጠይቃል፣ ዓይነቱ የተለየ ቢሊሩቢን (ቢጫ የሚያደርገው ነገር) ነው የሚጨምረው።

እንግሊዞቹ ክርክሩን እንዴት ቋጩት ብትሉ፣ የብሪታንያ የሂማቶሎጂ (የደም ሕክምና) ማኅበር በ2018 መመሪያ አወጣ። ዳውን ሲንድረም ያለበት አራስ ሁሉ፣ ታመመም አልታመመም፣ በተወለደ በሦስት ቀን ውስጥ ሲቢሲና ስሚር ይሠራለት አለ። ብላስቱ ከ10 ከመቶ በላይ ከሆነ ወይም ምልክት ካለ የጋታ 1 ምርመራ ይታዘዛል፣ ከ10 በላይ የሆነ ሁሉ ግን ሚውቴሽን አለው ማለት አይደለም፣ በር መክፈቻ ናት ቁጥሯ። የተገኘበት ልጅ እስከ አራት ዓመቱ በየጥቂት ወሩ ሲቢሲ እየተሠራለት ይቆያል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በ2022 ባወጣው መመሪያ ሲቢሲ በሦስት ቀን ውስጥ ይሠራ ይላል። የሦስት ቀን ነገር ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፣ ብላስት ከተወለዱ በኋላ በፍጥነት ሊወርድ ስለሚችል በሁለተኛው ሳምንት የተወሰደ ደም ቲኤኤም የነበረበትን ልጅ ንጹህ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል።

ወላጅ ግን ይሄን ሁሉ ቁጥር አይጠይቅም። አባትየው ፊት ለፊት ቆሞ «ዶክተር፣ እንደው አንዱን ብቻ ይንገሩኝ፣ ልጄ ካንሰር አለበት ወይስ የለበትም?» ነው የሚለው። ይሄን ጥያቄ በአዎ ወይ በአይ የሚመልስ ሐኪም ልክ አይመስለኝም። «አዎ» ካለ ቤተሰቡ ልጁን ወስዶ ጸበል ብቻ ይዞ ይቀመጣል፣ ወይ ተስፋ ቆርጦ ምግቡንም ክትባቱንም ይተወዋል። «የለበትም» ካለ ደሞ ብላስቱ ጠፍቶ ልጁ ሲወፍር ቀጠሮውን ማን ያስታውሰዋል፣ በሁለት ዓመቱ ገርጥቶ፣ ቆዳው ላይ ነጠብጣብ ወጥቶ ነው የሚመለሰው። «አባቱ፣ ልጅዎ ደም ውስጥ ሉኬሚያ የሚመስል ሴል አለ፣ እንደዚ ያለባቸው አብዛኞቹ ልጆች በራሱ ይለቃቸዋል፣ ጥቂቶቹ ላይ እስከ አራት ዓመት ድረስ ሊመለስ ይችላል፣ ከተመለሰም የሚድን ዓይነት ነው፣ እርስዎ የሚያደርጉልን ነገር ቀጠሮ አለመቅረት ነው» ቢባል ሰውየው ይይዘዋል፣ ገበሬም ሆነ ኢንጂነር ይገባዋል።

«የሚድን ዓይነት ነው» ያልኩት ለማጽናናት አይደለም። ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ ላይ ከቲኤኤም በኋላ የሚመጣው ማይሎይድ ሉኬሚያ ከሌሎች ልጆች ማይሎይድ ሉኬሚያ ይልቅ ለሳይታራቢን በጣም ይሸነፋል፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ጥናቶች ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ይድናሉ፣ ያውም ከሌሎቹ ባነሰ የኬሞ መጠን። መጠኑ የሚቀነሰው ደሞ ለቁጠባ አይደለም፣ እነዚ ልጆች በኬሞው ጉዳትና በኢንፌክሽን ቶሎ ስለሚጠቁ ነው። ይሄ ሉኬሚያ ታክሞ ከጠፋ በኋላ እንደገና ከመጣ ወይ ኬሞው ካልያዘው ግን ነገሩ ይከፋል፣ ስለዚ ቶሎ መያዙ ለውጥ አለው።

አገር ቤት ላለ አንባቢ ከዚ ጉዳይ የሚወሰደውን ላምጣው፣ ምክንያቱም ኔክስት ጄኔሬሽን ሲኩዌንሲንግ ሲባል ብዙዎቻችን «እሱ ለነሱ ነው» ብለን ወረቀቱን እናጥፈዋለን። የድምፅ አልባዎቹን ክፍል እውነት ነው እንተወው። የቀረው ግን ሲቢሲ፣ አንድ ስላይድ፣ ራይት ስቴይን (የስላይድ መቀቢያው ቀለም)፣ ማይክሮስኮፕና የሰለጠነ ዓይን ነው፣ ይሄ ሪፈራል ሆስፒታሎቻችን ውስጥ አለ፣ የጨቅላ ሕፃናት ክፍልም አለ፣ የሕፃናት ካንሰር ሕክምናም ጥቁር አንበሳን ጨምሮ የሚሰጥባቸው ቦታዎች አሉ። ሚውቴሽኑን ባናየው እንኳ ስጋት ያለበትን ልጅ በብላስቱና በጉበቱ ለይተን እስከ አራት ዓመቱ መከታተል ይቻላል። የሚጎድለው መጠየቁ ነው። የሚያዋልደው ክፍል ዳውን ሲንድረም ሲጠረጥር ልብ እንዲታይ እንደሚልከው ሁሉ ስሚርም ቢያዝ፣ ላብራቶሪ የሚላከው ወረቀት ላይም «ዳውን ሲንድረም ተጠርጥሯል» የምትል አንድ መስመር ብትጨመር፣ እኛ ስላይዱን የምናይበት ዓይን ሌላ ይሆናል። ያለዛ ስምና ዕድሜ ብቻ የተጻፈበት ናሙና መጥቶ 30 ከመቶ ብላስት ስናይ «አኪዩት ሉኬሚያ» ብለን ልንጽፍ ነው፣ ያንን ወረቀት ያየ ሐኪም ደሞ የሦስት ቀን ሕፃን ሙሉ ኬሞ ሊያስጀምር ነው።

ከዚ ጋር የሚያያዝ አንድ የተለየ ነገር አለ። አልፎ አልፎ ዳውን ሲንድረም በመልኩም በምኑም የማይታይበት አራስ ቲኤኤም ይዞት ይገኛል። ሦስተኛው 21ኛ ክሮሞዞም ከሰውነቱ ሴሎች በከፊሉ ብቻ፣ አንዳንዴም ብላስቶቹ ውስጥ ብቻ ነው የሚገኘው፣ ሞዛይክ ይባላል። ስለዚ ማንኛውም አራስ ላይ ሉኬሚያ የሚመስል ደም ሲታይ፣ ሕፃኑ እስትንፋሱ እስካልተቸገረ ድረስ ኬሞ ከመጀመሩ በፊት የክሮሞዞም ምርመራ፣ የሚቻል ከሆነም ጋታ 1፣ ይላካል። ናሙናው መወሰድ ያለበት ደሞ ብላስቱ ደም ውስጥ ባለበት ሰዓት ነው፣ ከጸዳ በኋላ የተወሰደ ደም ላይ ትርፉ ክሮሞዞምም ላይገኝ ይችላል።